የአማትዎ ደብተርና ሜይፍላወር፦ ማስረጃው የሚሳሳው የትኛው ትውልድ ላይ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለቤታቸው አሜሪካዊ ነው። አማታቸው በሰጧቸው ደብተር የልጆቻቸው የዘር ሐረግ በ13ኛው ትውልድ በ1620 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን ይዞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሊመዝ በደረሰው በሜይፍላወር መርከብ ከመጣው ከጆን ሃውላንድ ይደርሳል። መስመሩ በሃውላንድ ልጅ በዲዛየርና በባሏ በጆን ጎርሃም በኩል በማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ ልሳነ ምድር ላይ ወዳለችው ባርንስተብል ይወርዳል። መሐል ላይ ግን «በ1788 ገደማ ማሳቹሴትስ ተወለደ፤ ወደ ምዕራብ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በ1856 ሞተ» የሚል ሰው አለ፤ አባቱ በስም ብቻ ተጽፏል። ከላይ ካሉት ቀኖች አንዳንዶቹ ደግሞ ሁለት ዓመተ ምሕረት አላቸው። ጠያቂዋ ሐረጉ እውነት መሆኑን እንዴት እንደሚያረጋግጡ፣ ባለ ሁለት ዓመቱን ቀን እንዴት እንደሚያነቡ፣ ልጆቻቸውን በሜይፍላወር ዘሮች ማኅበር ማስመዝገብ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሐረግ የሚጸናውም የሚፈርሰውም ወደ ኒው ዮርክ በተሻገረው ሰው ላይ ነው። ከመርከቡ ተሳፋሪዎች ወደ ታች ያሉት አምስት ትውልዶች በሜይፍላወር ዘሮች ጠቅላላ ማኅበር በኩል ከዋና መዝገቦች ተጣርተው ታትመዋል፤ የአምስተኛው ትውልድ ልጆችም በስም ተዘርዝረዋል። ከ1850 ወዲህ ያለው ደግሞ በሕዝብ ቆጠራና በመንግሥት ሰነድ ይሸፈናል። ክፍተቱ ከ1780ዎቹ እስከ 1850 ያለው ነው። ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በኋላ የኒው ኢንግላንድ (ማሳቹሴትስ ያለችበት የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል) ወጣት ገበሬ መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሲጎርፍ ልደቱ የተጻፈበት የከተማው መዝገብ እዚያው ቀረ። የሄደበት የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ልደትና ሞትን በወጉ መመዝገብ የጀመረው 1880 አካባቢ ነው። የፌዴራሉ ቆጠራ በ1790 ቢጀመርም እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጽፈው የቤቱን ራስ ብቻ ነበር፤ ሌላው ቤተሰብ በዕድሜ ክልል እየተመደበ በቁጥር ይገባል። የቤተሰብ ደብተር የሚጽፍ ሰው እዚህ ክፍተት ላይ ሲደርስ ከታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ የሚመሳሰል የማሳቹሴትስ ልጅ ይፈልግና ያገናኘዋል። አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ ማስረጃ ሳይኖረው ግን ተገጣጥሞለት ነው።

ስለዚህ ደብተሩን ከላይ ወደ ታች አያንብቡት። ከልጆችዎ ይጀምሩና ወደ ኋላ ይሂዱ። ለእያንዳንዱ ትውልድ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚያሳይ ሰነድ ይሰብስቡ፤ ከሁሉ በላይ ግን «ይህ ልጅ የዚህ አባትና የዚህች እናት ነው» የሚል አንድ ወረቀት ያስፈልግዎታል። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር የሽማግሌ ቃል ይበቃናል። ለዚህ ማኅበር ግን በቃል የተነገረ ዘር ፍንጭ ሊሆን ይችላል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

የልደት ምስክር ወረቀት ሲያዝዙ ረጅሙን ቅጽ ይጠይቁ። አጭሩ ቅጽ በብዙ ክፍለ ግዛት የወላጆችን ስም አይዝም፤ ያለ ወላጅ ስም ደግሞ ለዘር ማስረጃ ዋጋ የለውም። የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት መረጃ እንዳለ ያስተውሉ። የሞቱን ቀንና ምክንያት የጻፈው በቦታው የነበረ ሰው ነው። የሟቹን ወላጆች ስም የተናገረው ግን ብዙ ጊዜ በኀዘን ላይ ያለ ልጅ ወይም አማች ነው፤ አያቱን አይቶ የማያውቅ ሰው የተሳሳተ ስም ቢሰጥ አይገርምም። የመረጃ ሰጪውን ስም ወረቀቱ ላይ ይፈልጉና ዝምድናውን ያመዛዝኑ።

ከ1950 እስከ 1850 ያለው በቆጠራ መዝገብ በቶሎ ይሄዳል። ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ የቅርቡ የ1950ው ነው። የ1880ው እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ ራስ ምኑ እንደሆነ ይጽፋል። የ1850፣ የ1860ና የ1870ው ሁሉንም በስም ይዘረዝራሉ፤ ዝምድና ግን አይጽፉም። በእነዚህ ሦስቱ አንድ ቤት ውስጥ የተጻፈ ልጅ የእንጀራ ልጅ፣ የወንድም ልጅ ወይም ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የ1890ው በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ እሱን ሲፈልጉ ጊዜዎን አያባክኑ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። በ1856 ከሞተ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1855 ያካሄደውን የራሱን ቆጠራ በሕይወት አግኝቶታል ማለት ነው። ይህ ቆጠራ ለእርስዎ ጉዳይ ከፌዴራሉ ይበልጣል፤ ለቤቱ ራስ ያለውን ዝምድና ይጽፋል፣ የተወለደበትን ክፍለ ግዛት ይጠይቃል፣ በዚያች ከተማ ስንት ዓመት እንደኖረም ይመዘግባል። «ማሳቹሴትስ፣ 38 ዓመት» ካለ ወደ ከተማዋ የገባው በ1817 ገደማ ነው። በአንዱ ዓመት ተማምነው ሌላውን ባይዘጉም መሬት የገዛበትን ውል የሚፈልጉበትን ክልል በጣም ያጠብልዎታል።

ቀጥሎ የመቃብር ድንጋዩ ነው። የዚያ ዘመን ድንጋዮች ብዙ ጊዜ የልደት ቀን አይጽፉም፤ «ዕድሜው 68 ዓመት ከ4 ወር ከ11 ቀን» ይላሉ። ከሞቱ ቀን ላይ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በዚህ ቅደም ተከተል ይቀንሱ። ለምሳሌ ማርች 3 ቀን 1856 የሞተ ሰው ዕድሜው እንዲህ ተጽፎ ከሆነ፣ 68 ዓመት ሲቀነስ ማርች 3 ቀን 1788፣ 4 ወር ሲቀነስ ኖቬምበር 3 ቀን 1787፣ 11 ቀን ሲቀነስ ኦክቶበር 23 ቀን 1787 ይሆናል። የደብተሩ «1788 ገደማ» የመጣው 1856 ላይ 68ን ብቻ ከመቀነስ ሊሆን ይችላል። ባርንስተብል ውስጥ በትክክል በዚያ ቀን የተመዘገበ፣ ስሙም የሚገጥም ልጅ ካገኙ ጠንካራ ፍንጭ ይዘዋል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢዛነፍ ድንጋይ ጠራቢም ቤተሰብም ሲያሰላ ይሳሳታልና አይጣሉት፤ ዓመት ቢዛነፍ ግን ሌላ ሰው መሆኑን ይጠርጥሩ።

ከድንጋዩ በኋላ መሬቱ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው እዚህ ነው። ወደ አዲስ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያውን መሬት ሲገዛ ውሉ የቀድሞ መኖሪያውን ይጠቅሳል፤ ትቶት በመጣው አገር ያለውን ድርሻ ሲሸጥ ደግሞ ውሉ አዲሱን መኖሪያውን ይጽፋል። ሁለቱ ውሎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ሰውዬውን ከሁለቱም አገር ያስሩታል። የምዕራብ ኒው ዮርክ መሬት ለሰፋሪ የተከፈተው በ1788 በፌልፕስና በጎርሃም ግዢ ነው። ከሁለቱ ገዢዎች አንዱ ናትናኤል ጎርሃም የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከፈረሙት አንዱ ሲሆን ራሱም የጆን ሃውላንድ ዘር ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ያለው ሰፊ መሬት የሆላንድ ላንድ ኩባንያ ነበር፤ የሽያጭ ጽሕፈት ቤቱም ባታቪያ ነበር። ኩባንያው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ስለነበር ሰፋሪው በካውንቲው (በክፍለ ግዛቱ ሥር ባለው አውራጃ) የተመዘገበ ውል የሚያገኘው ክፍያውን ሲጨርስ ነው፤ ከገባ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሳይጨርስ ሸጦ የሄደውም ብዙ ነው። በካውንቲው መዝገብ ስሙን ካጡ መሬት አልነበረውም ብለው አይደምድሙ። የኩባንያውን የክፍያ መዝገቦች ይመልከቱ።

የካውንቲ ድንበርም ብዙ ሰው ያሳስታል። ዛሬ ሮቸስተር ያለችበት ሞንሮ ካውንቲ የተቋቋመው በ1821 ነው። ከዚያ በፊት ከጄነሲ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው በኦንታሪዮ ካውንቲ፣ በስተምዕራብ ያለው በጄነሲ ካውንቲ ሥር ነበር፤ ጄነሲ ራሱ ከኦንታሪዮ የተከፈለው በ1802 ነው። የ1810 ውል በኦንታሪዮ ካውንቲ ዋና ከተማ በካናንዳይጓ ተቀምጦ ሳለ ሮቸስተር ሄዶ «የለም» ተብሎ መመለስ የተለመደ ነው። መዝገብ የሚቀመጠው ሰነዱ በተጻፈበት ቀን ቦታው በነበረበት ካውንቲ ነው። ማሳቹሴትስም እንደዚሁ ነው፤ ለምሳሌ ዉስተር ካውንቲ የተቋቋመው በ1731 ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለው የዚያ አካባቢ ውርስ የሚፈለገው ቦታዎቹ ቀድሞ በነበሩበት በሚድልሴክስ፣ በሰፎክ ወይም በሃምፕሻር ነው።

የእርስዎ መስመር አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። በ1827 የባርንስተብል ካውንቲ መዝገብ ቤት ተቃጥሎ የመሬት ውል መዝገቦቹ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ስለዚህ ልጁ የአባቱን መሬት ድርሻ ለወንድሙ የሸጠበት ውል ከ1827 በፊት ከሆነ ላያገኙት ይችላሉ። የውርስ መዝገቦቹ ግን ተርፈዋል። ፍለጋዎን ወደ እነሱ ያዙሩት። አባት የተባለውን ሰው ፋይል ሲያገኙ ኑዛዜውን ብቻ ገልብጠው አይውጡ፤ የአስተዳዳሪውን ሹመት፣ የንብረት ቆጠራውን፣ የዕዳ ዝርዝሩን፣ የክፍፍል ትእዛዙንና ደረሰኞቹን ሁሉ ያንብቡ። ኑዛዜው «ለልጆቼ» ብሎ ሲያልፍ ደረሰኙ ላይ «በኒው ዮርክ ነዋሪ የሆንኩት ልጅ ድርሻዬን ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማ ሊኖር ይችላል።

አባትየው ኑዛዜ ካልተወ ክፍፍሉ ራሱ ይናገራል። በማሳቹሴትስ ከ1692 ጀምሮ በነበረው ሕግ ባል ኑዛዜ ሳያደርግ ሲሞት ሚስቲቱ ከተንቀሳቃሽ ንብረቱ ሲሶውን በባለቤትነት፣ ከመሬቱ ሲሶውን እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ትይዛለች። ቀሪው ለልጆች እኩል ይከፈላል፤ የበኩር ወንድ ልጅ ግን እጥፍ ይወስዳል። ይህ እጥፍ ድርሻ እስከ 1789 ቆይቷል። ተንቀሳቃሹ 180 ፓውንድ ከሆነ 60 ለሚስት ይሄዳል፤ የቀረው 120 ፓውንድ በስድስት ተከፍሎ ለበኩሩ 40፣ ለሌሎቹ 20፣ 20 ከደረሰ ወራሾቹ አምስት ናቸው። ከታተመው መጽሐፍ አራት ብቻ ካገኙ አንድ ያልተመዘገበ ልጅ አለ፤ የእርስዎ ሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ሴት ልጅ ካገባች ድርሻዋን ብዙ ጊዜ ባሏ ስለ እሷ ፈርሞ ይቀበላል፤ የሴቶችን የጋብቻ ስም ከዚህ የተሻለ የሚሰጥ መዝገብ ጥቂት ነው። በሃውላንድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የጆን መበለት ኤልዛቤት በ1686 ባደረገችው ኑዛዜ ላይ ሊዲያ ብራውንና ሐና ቦስዎርዝ በባሎቻቸው ስም ስለተጠሩ ነው ዛሬ የማን ሚስቶች እንደነበሩ በእርግጠኝነት የምናውቀው።

የአባት ፋይል ካልረዳ ወንድምና እህትን ይከተሉ። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ወንድም ወይም ያላገባች እህት ውርስ ለዘር ፈላጊ ትልቅ ሀብት ነው፤ ፍርድ ቤቱ በሕይወት ያሉትን ወንድሞችና እህቶች፣ የሞቱትም የተዉአቸውን ልጆች ሁሉ እስከ መኖሪያቸው ለመዘርዘር ይገደዳልና። ኒው ዮርክ ውስጥም ከ1830 ወዲህ ለውርስ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ማመልከቻ ወራሾችን በስምና በአድራሻ ይዘረዝራል። የ1856ቱ ሟች ፋይል ካለ የእሱን ልጆች በአንድ ጊዜ ያረጋግጥልዎታል።

ወታደራዊ ጡረታም አይርሱ። አባትየው በነጻነት ጦርነት ከዘመተ የ1832ቱ ሕግ አመልካቹ የት እንደተወለደ፣ ከዘመቻው በኋላ የት የት እንደኖረ በፍርድ ቤት ፊት እንዲናገር አድርጓል። ሚስቶች በ1836ና በ1838 ሕጎች መሠረት ሲያመለክቱ ጋብቻቸውን ማስረዳት ስለነበረባቸው ብዙዎቹ የልጆች ልደት የተጻፈበትን የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገጽ ቀድደው ልከዋል፤ ገጾቹ እስከ ዛሬ ዋሽንግተን በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፋይሉ ውስጥ አሉ። በ1788 የተወለደው ራሱ ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ ለተዋጉበት ለ1812ቱ ጦርነት ዕድሜው ይደርሳል። ከዘመተ በ1850ና በ1855 ሕጎች ለዘማቾች የተሰጠውን መሬት ጠይቆ ሊሆን ይችላል። በ1878 ሕግ ደግሞ 14 ቀን የዘመተ ሰው መበለት ሁሉ ጡረታ መጠየቅ ትችል ነበር።

በእነዚህ ሁሉ መሐል ዋናው ጠላትዎ ሞክሼ ስም ነው። በአንድ የኬፕ ኮድ ከተማ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ሰው አንድ ስምና አንድ የቤተሰብ ስም ይይዛል። ጸሐፊው ለመለየት «ታላቁ»፣ «ታናሹ»፣ «ሦስተኛው» ይላቸዋል፤ ይህ በከተማው ውስጥ ያላቸውን የዕድሜ ቅደም ተከተል እንጂ አባትና ልጅነትን አያሳይም። አጎትና የወንድም ልጅ ወይም ፈጽሞ የማይዛመዱ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ታላቁ ሲሞት ታናሹ ታላቅ፣ ሦስተኛው ታናሽ ይሆናል፤ በ1790 «ታናሹ» የተባለው ሰው በ1800 «ታናሹ» ከተባለው ሊለይ ይችላል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሞክሼ የሚስቱን ስም፣ መሬቱንና ሞቱን የያዘ የተለየ ገጽ ይክፈቱ፤ እያንዳንዱን መዝገብ ወደ አንዱ ገጽ ያስገቡ። ሁለተኛው ወጥመድ የሞተ ልጅ ስም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕፃን ሲሞት ቀጥሎ ለተወለደው ያንኑ ስም መስጠት የተለመደ ነበር። የ1787ቱን ልደት ካገኙ በኋላ በ1790ዎቹ በዚያው ቤት ሌላ ሞክሼ ልጅ አለመወለዱን ያረጋግጡ። ከተወለደ የመጀመሪያው ሞቷል፤ የእርስዎ ሰው እሱ ሊሆን አይችልም።

የማሳቹሴትስ ከተሞች እስከ 1850 ያላቸውን ልደት፣ ጋብቻና ሞት ያሳተሙባቸው መጻሕፍት ለብዙ ከተሞች አሉ፤ ብዙዎቹ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። በፊደል ተራ ስለተደረደሩ ዋናው መዝገብ አንድ ላይ የጻፈው ቤተሰብ በውስጣቸው ይበታተናል። «ሲ.አር.» ከተባለ ምንጩ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ «ጂ.አር.» የመቃብር ድንጋይ፣ «ፒ.አር.» የግል ወረቀት ነው፤ የመጨረሻው ከአማትዎ ደብተር ላይበልጥ ይችላል። ጋብቻ ላይ «ኢንት.» ካለ የተመዘገበው ለመጋባት የወጣው ማስታወቂያ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም። ማስታወቂያው በሙሽሪትም በሙሽራውም ከተማ ስለሚለጠፍ ሁለቱንም ያመሳክሩ። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ አራት አምስት ልጆች በአንድ ቀን ተጠምቀው ካዩ ወላጅ በዚያ ሰሞን አባል መሆኑን ይጠቁማል እንጂ ስለ ልጆቹ ዕድሜ አይናገርም።

ስለ ባለ ሁለት ዓመቱ ቀን። ያ ቀን ትክክል ነው፤ አይነካካ። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 የዩልዮስን አቆጣጠር ይከተሉ ነበር፤ ዓመታቸውም በማርች 25 ይለወጥ ነበር። ዓመት በመስከረም ለሚብትልን ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለው ጊዜ በእነሱ አቆጣጠር ያለፈው ዓመት መጨረሻ፣ በአሁኑ አቆጣጠር የአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጻፋሉ። ጆን ሃውላንድ የሞተው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1672/3 ነው፤ ጆን ጎርሃም ሰፋሪዎቹ ከአገሬው ተወላጆች ጋር በተዋጉበት በንጉሥ ፊሊፕ ጦርነት ዘምቶ የሞተው በፌብሩዋሪ 1675/6 ነው። ሁለተኛውን ዓመት የሚጥል ወይም «ያስተካከለ» የኮምፒዩተር ፕሮግራም ልጅን ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ሊያስወልድ ይችላል። ኤፕሪል 20 ቀን 1690 የተጋቡ ሰዎች የመጀመሪያ ልጃቸው ማርች 10 ቀን 1690 ተወለደ የሚል መዝገብ ካዩ ልጁ የተወለደው ከጋብቻው አሥራ አንድ ወር ገደማ በኋላ ነው፤ ዓመቱ ገና አልተለወጠም ነበርና። ዘመዶችዎ የኩዌከር እምነት ተከታዮች ከነበሩ ወሮችን በስም አይጠሩም። እስከ 1752 «አንደኛ ወር» ማርች፣ «አሥራ ሁለተኛ ወር» ፌብሩዋሪ ነው። በ1752 ከሴፕቴምበር 2 በማግስቱ ሴፕቴምበር 14 ሆነ፤ አሥራ አንድ ቀን ተዘለለ። ጆርጅ ዋሽንግተን ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731/2 ተወልዶ ልደቱ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ ግን ቀን አይለውጡ፤ መዝገቡ እንዳለው ይጻፉ።

ላይኛው ክፍል ተጣርቷል ብያለሁ፤ አሮጌ ደብተሮች ግን ከማጣራቱ በፊት የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ የሃውላንድ ሚስት የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያው ገዥ የጆን ካርቨር ልጅ ናት ይባል ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፕሊመዝ ላይ የቆመለት የመቃብር ድንጋይም ይህንኑ ይናገር ነበር። የገዥው ዊልያም ብራድፎርድ የእጅ ጽሑፍ በለንደን ጳጳስ ቤተ መጻሕፍት በ1855 ተገኝቶ በ1856 ሲታተም ሃውላንድ ያገባው የጆን ቲሊን ልጅ ኤልዛቤትን መሆኑ ታወቀ። የእርስዎ ደብተር ካርቨርን ካነሣ ምንጩ ከ1856 በፊት የነበረ ወሬ ነው፤ ሌላውንም በጥርጣሬ ያንብቡት። ሁለተኛ፣ ጆን ሃውላንድ አርተርና ሄንሪ የሚባሉ ወንድሞች ነበሩት። እነሱ በሜይፍላወር አልመጡም፤ ሃውላንድ የሚለውን ስም የያዘ ብዙ ቤተሰብ፣ በተለይ በዳርትመዝና በኒው ቤድፎርድ፣ ከእነሱ ይወለዳል። ሦስተኛ፣ ጉስታቭ አንጁ የሚባል ሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለሀብታሞች የሐሰት የዘር ሐረግ እየፈበረከ ይሸጥ ነበር፤ ሥራዎቹ አሁንም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አሉ። ስሙን በደብተሩ ምንጮች ውስጥ ካዩ ያንን ክፍል ይተውት።

የዲኤንኤ ምርመራ ለዚህ ጥያቄ ብዙ አይረዳም። በአሥረኛው ትውልድ ላይ እያንዳንዱ ሰው 1024 ቅድመ አያቶች አሉት፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ለዛሬው ሰው ምንም የሚታይ ዲኤንኤ አላወረሱም። ከሃውላንድ ዲኤንኤ አለመገኘቱ ዘሩ አለመሆንዎን አያሳይም፤ በአንድ ድረ ገጽ ዛፍ ላይ ከተጻፉ የሃውላንድ ዘሮች ጋር መመሳሰልም ዘሩ መሆንዎን አያረጋግጥም፤ በሌላ መስመር ልትዛመዱ ትችላላችሁና። ጥቅሙ ያለው በመካከሉ ነው። የ1788ቱ ሰው የአጎት ልጆች ዘሮች ባርንስተብል ውስጥ ከተገኙና ባለቤትዎ ወይም ይልቁንም አማትዎ ከነሱ ጋር በሚታይ መጠን ከተጋሩ፣ የወረቀቱን ማስረጃ ይደግፋል። ምርመራው በአማትዎ ይደረግ፤ አንድ ትውልድ ቅርብ ናቸው።

እነዚህን ፋይሎች ሲገልጡ ሌሎች ሰዎችንም ያገኛሉ። ፕሊመዝ የተቆረቆረችው በፓቱክሰት ላይ ነው፤ ከ1616 እስከ 1619 በወረርሽኝ ሕዝቧ ባለቀባት የዋምፓኖአግ (የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ) መንደር። በማሳቹሴትስ የንብረት ቆጠራዎች ውስጥም ከላምና ከአልጋ መሐል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና የአገሬው ተወላጆች በዋጋ ተተምነው ይገኛሉ፤ ባርነት በዚያ ክፍለ ግዛት በፍርድ ቤት ውሳኔ የወደቀው በ1783 ነው። ለልጆችዎ የሚጽፉት ታሪክ ይህን ገጽ እንዳይዘለው። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና የፋይሉን ቁጥር ይገልብጡ፤ በዚያ ስም ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ዛሬም አለ፤ ለእሱ ያ አንድ መስመር ብቸኛው መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ስለ ማኅበሩ። በ1897 የተመሠረተው ጠቅላላ ማኅበር አባል የሚቀበለው በሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ባለው ማኅበር በኩል ነው። ሐረጉ ከተረጋገጠ ልጆችዎ በአባታቸው በኩል ብቁ ናቸው፤ እርስዎ በጋብቻ ብቻ ስለሆነ አይችሉም። አንድም ዶላር ለሰነድ ሳያወጡ ለክፍለ ግዛቱ የማኅበር የታሪክ ኃላፊ ያሏችሁን ስሞች ልከው ቀድሞ የጸደቀ ማመልከቻ መኖሩን ይጠይቁ። የባለቤትዎ የሩቅ አጎት ወይም አክስት በዚያው መስመር ገብተው ከነበረ ብዙውን ጊዜ የሚቀርዎ ከእነሱ ጋር እስከሚገናኙበት ትውልድ ያለውን ማስረዳት ነው። ከሌለ ግን ከላይ የዘረዘርኩት የ1788ቱ ሰው ሥራ ይጠብቅዎታል። ቦስተን ያለው በ1845 የተመሠረተው የኒው ኢንግላንድ የታሪክና የዘር ሐረግ ማኅበር ቤተ መጻሕፍትና ነጻው ፋሚሊሰርች ድረ ገጽ አብዛኛውን የካውንቲ መዝገብ ምስል ይዘዋል። የፋሚሊሰርች ምስሎች ሁሉም በስም ፍለጋ አይገኙም፤ በካታሎጉ ውስጥ ካውንቲውን ከፍተው ገጽ በገጽ መገልበጥ የሚጠይቁ ብዙ አሉ።

አባትየውን በቀጥታ የሚጠራ ወረቀት ካልተገኘም መንገዱ አልተዘጋም። ድንጋዩ፣ የ1855 ቆጠራ፣ ውሉ፣ ባርንስተብል ያለው ልደትና የሞክሼዎቹ መጥፋት ተደራርበው ወደ አንድ ሰው ከጠቆሙ፣ እነዚህን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለማኅበሩ ሊቀርብ ይችላል። ጽሑፉ እያንዳንዱ ሞክሼ ለምን እንዳልሆነ በሰነድ ማሳየት አለበት፤ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ይህን በመዝለሉ ነው። ለኒው ዮርኩ የካውንቲ ጸሐፊ ሲጽፉም የእሱን አንድ ውል ብቻ አይጠይቁ። ከ1790 እስከ 1860 በዚያ የቤተሰብ ስም የገዙና የሸጡ ሰዎች ማውጫ ገጾችን ሁሉ ቅጂ ይጠይቁ፤ አብረውት የተሻገሩት ወንድሞቹ የሚገኙት እዚያ ላይ ነው።